ያመንኩት ፍራሽ

እኔ ሰው አላምንም። ይህን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል፤ ኋላ በየመሐሉ «ይኼ ሰውዬ ምን ነክቶታል?» ከምትሉ። ስወለድ እንዲህ አልነበርኩም። እናቴን ብትጠይቋት «የሰጡትን የሚበላ፣ የነገሩትን የሚያምን ልጅ ነበር» ትላችኋለች። ያበላሸኝ ሥራዬ ነው።

ከቶጎጫሌ ወጣ ብሎ በጅጅጋ መንገድ ላይ ባለ አንድ ኬላ ፈታሽ ነበርኩ። ያኔ መንገዱ አስፋልት አልለበሰም። ከድንበር ማዶ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያስቆምኩ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ የት እንደተደበቀ እፈልጋለሁ። መሣሪያዬ አንዲት ረጅም ቀጭን ብረት ነበረች፤ መውጊያ እንላታለን። ጆንያ ሲመጣ ወጋ፣ ፍራሽ ሲመጣ ወጋ፣ የመኪና ወንበር ወጋ። ብረቷ ሰተት ብላ ከገባች ይለፉ፤ አንድ ነገር ከያዛት ውረዱ።

ስንቱን ጉድ አየሁ መሰላችሁ! ዳቦ ሲገመስ የእጅ ሰዓት ሲወጣው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር መጣችና ከወንበሬ ተነሥቼ አስቀመጥኳት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ «አይዞሽ እህቴ» አልኳት። ይህን ስል ሆዷ ላይ የታሰረው ሬዲዮ በራሱ ጊዜ ተከፍቶ ዜና ማንበብ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳምቡሳ እንኳ ሳልከፍት አልበላም። ሁልጊዜ ምስር ነው የሚወጣው። ግን እከፍተዋለሁ።

በዚያች ከተማ የማምነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሰናይትንና ፍራሼን።

ከፍራሼ ልጀምር። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ የደግ ደግ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አልጋውም ፍራሹም የእሳቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «ልጄ፣ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ ላናፍስልህ» ይላሉ። ስመለስ ተነጥፎ ይጠብቀኛል። የሚገርመው ፍራሹ በየሳምንቱ ይለያያል፤ አንዳንዴ ሙልት ያለ፣ አንዳንዴ ስስ፣ አንዳንዴ በራስጌው በኩል ከፍ ያለ። «ጥጡን በእጄ እያፍታታሁልህ እኮ ነው» ይሉኛል። የወለደችኝ እናት እንኳ ጥጥ አፍታትታልኝ አታውቅም! ከተማው ውስጥ የቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ ደግሞ ባልደረቦቼ የእኔን ክፍል «የራሳችን ሰው ነው» እያሉ ዘለው ያልፏታል። እትዬ ዘነቡ በዚህ በጣም ይደሰቱ ነበር። «ተከራይ እንዳንተ ነው» እያሉ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

ሰናይት የጋሽ ወልዴ ልጅ ናት። ጋሽ ወልዴ ከአገራቸው ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ቶጎጫሌ ገበያ መሐል የፍራሽና የብርድ ልብስ ሱቅ አላቸው። ሰናይት እዚያው ሱቅ ታግዛቸዋለች። እኔ በወር ውስጥ ብርድ ልብስ ልገዛ ስንት ጊዜ እንደገባሁ የቆጠረ ሰው ወባ ይዞኛል ሊል ይችላል። ተዋደድን። ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ወልዴ ሽማግሎቹን በክብር ተቀብለው፣ ለስላሳ ጋብዘው፣ «ልጄን ለፈታሽ አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ፈታሽ ተንኮለኛ ነው። ቀን የሰው ዕቃ ሲበረብር የዋለ፣ ቤቱ ሲገባ የልጄን ልብ ሊበረብርብኝ ነው። በሰው የሚጫወት ብልጥ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም» አሉ። ሁለተኛ ብልክባቸው «ከእንግዲህ ለስላሳውን ራሱ ይዞ ይምጣ» አሉ። ሰናይት አለቀሰች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» አለችኝ። እኔም ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ሰው ያየኛል ብዬ ጠረጠርኩ።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ወልዴ የብርድ ልብስ እስር ሊያነሱ ጎንበስ ባሉበት ወገባቸው ቀጥ አለ። መቃናትም መቀመጥም እምቢ አላቸው። ጎረቤቶች ተሸክመው ያገኙት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኟቸው፤ እሱም የሱቃቸው ባንኮኒ ነው። የሰፈሩ ሐኪም መጥቶ አያቸውና «ሳይታጠፉ፣ ሳይንገጫገጩ፣ በጀርባቸው በደንብ ተኝተው ጅጅጋ ደርሰው ራጅ ይነሡ። በዚያ መንገድ ላይ ተቀምጠው ከሄዱ ግን ለእግራቸው እፈራለሁ» አለ። በዚያ ሁሉ መሐል ጋሽ ወልዴ ባንኮኒው ላይ ጣራ ጣራ እያዩ፣ ለገባው ደንበኛ ሁሉ «የትራሱን ዋጋ ሰናይትን ጠይቅ» ይሉ ነበር።

የእረፍት ቀኔ ነበር። ስሰማ በረርኩ። ልቤ በሐዘን ተነክቷል፤ ግን አልዋሻችሁም፣ አንዱ ልቤ ደግሞ «ይኼ ዕድልህ ነው» ይለኛል። ሰውዬውን እንደ እንቁላል ተንከባክቤ ካደረስኳቸው እምቢ የሚሉበት አንጀት አይኖራቸውም። ከተንገጫገጩና አንድ ነገር ከሆኑ ግን ሰናይትን ለዘላለም መርሳት ነው።

«መኝታውን ለእኔ ተዉት! መኪና ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ!» አልኩ።

መኪናው የአብዲ ነው። አብዲ የሱቁ ጎረቤት፣ ያረጀች ላንድክሩዘር ያለው፣ ሳቂታ የአገሩ ልጅ ነው። የኋላ ወንበሮቹን ፈትተን አወረድን። ወለሉ ታዲያ በጎማዎቹ በኩል ጎብጧል፣ መሐሉ ጎድጉዷል።

«ቀላል ነው አቦ» አለ አብዲ። «ቤቴ የሩዝ ጆንያ አለ። ጉድጓዱ ላይ አጋድመነው እናስተካክለዋለን።»

የሩዝ ጆንያ! ፈታሽ የሩዝ ጆንያ ይዞ በኬላ ሊያልፍ! ሁለት ጆንያ ከማምጣቱ መውጊያዬን ከቤት አስመጥቼ ወጋሁ። ሩዙ መሬት ላይ ተንፎለፎለ።

«ወላሂ ሩዝ ነው!» አለ አብዲ።

«ሩዝ መሆኑንማ አየሁ። ከሩዙ በታች ምን አለ?»

«ከሩዙ በታች ሩዝ!»

«ከዚያስ በታች?»

«ከዚያ በታች ጆንያው፣ ከጆንያው በታች መኪናዬ! ዋርያ፣ ሽማግሌው ባንኮኒ ላይ ተኝቷል፣ አንተ ሩዝ ትመረምራለህ?»

ጆንያዎቹን አልተቀበልኩም። ወለሉን ካርቶን እያጠፍኩ፣ በላዩ አሮጌ ማዳበሪያ እየዘረጋሁ አስተካከልኩት። አንዴ ተንበርክኬ በዓይኔ፣ አንዴ ተኝቼ በጀርባዬ እለካለሁ። አብዲ ሩዙን በእጁ እያፈሰ ስለ እኔ በሶማልኛ አንድ ነገር አለ። ምርቃት እንዳልነበረ ጠርጥሬአለሁ።

ቀጥሎ ፍራሽ። ሰናይት ከሱቁ ምርጡን ስፖንጅ ፍራሽ፣ ከነፕላስቲኩ፣ እየጎተተች አመጣች። አየሁት። ሰናይትን አምናለሁ፤ ግን ፍራሹን የሠራችው እሷ አይደለችም። ዓይኔን ጨፍኜ ወጋሁት። ብረቷ ሰተት ብላ ገባች፤ ፍራሹ ምንም የለውም። ይኼኔ ነው የጠረጠርኩት። ምንም የሌለው ፍራሽ እንዴት ይህን ያህል ይወፍራል? ሌላ አምጪ አልኳት። ሌላ አመጣች፣ ወጋሁ። ጎረቤት ትራስ አመጣ፣ እሱንም ወጋሁ።

ጋሽ ወልዴ ከባንኮኒው ላይ «ምንድን ነው ጩቅ ጩቅ የሚለው?» አሉ።

«ፍራሾቹን እየወጋቸው ነው፣ አባዬ» አለች ሰናይት። ድምጿ ውስጥ እንባም ንዴትም ነበረበት።

«የእኔን ፍራሽ? ከእኔ ሱቅ?» ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ ወገባቸው ያዛቸውና ጩኸታቸው ገበያውን ሞላው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጄ ላይ መውጊያ፣ ባንኮኒው ላይ የሚጮኹ ሽማግሌ! ያየኝ ሁሉ ምን እንዳሰበ ልነግራችሁ አልፈልግም።

ሰናይት ወደ ጥግ ጎትታኝ «ስማ፣ አባቴ እያለቀብኝ ነው! አንድ የምታምነው ፍራሽ በዓለም ላይ የለም?» አለችኝ።

ያኔ በራልኝ። አለ እንጂ!

ሮጬ ቤቴ ገባሁና ፍራሼን ጠቅልዬ ተሸከምኩት። ያን ሳምንት ሙልት ብሎ ነበር፤ ከባድም ነው። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ብቅ ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ለበሽተኛ ነው፣ እትዬ። ጅጅጋ ደርሶ ይመለሳል።»

«ጅጅጋ? በኬላው?» በሩ ላይ ቆሙ። «አይሆንም! አንተ ምን ላይ ልትተኛ ነው? ብርድ ያገኝሃል! የእኔን ውሰድ፣ የአልጋዬን ውሰድ፣ ልጄ በሞቴ!» አሉና የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዘው አለቀሱ። በጎተትኩ ቁጥር ይጎትታሉ። በስንት ልመና ለቀቁኝ። ከግቢው ስወጣ የእኔም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ለተከራይ እንዲህ የሚያስብ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እያልኩ ሄድኩ።

ፍራሹን መኪናው ውስጥ ዘረጋሁት። ልክክ አለ! ከጉልበት በታች የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በጎንና ጎን እንዳይንከባለሉ ትራስ አደረግሁ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዳይመታቸው ሽርጥ ሰቀልኩ። ራቅ ብዬ ሳየው ኮራሁ። ከዚያ ግን ጥርጣሬ ገባኝ፤ ለሰው ከመስጠቴ በፊት ልፈትነው ብዬ ጋደም አልኩ። ጋደም ማለቴን አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ የማስታውሰው አብዲ እግሬን ሲጎትተኝ ነው። ጋሽ ወልዴ በበር ሳንቃ ላይ ተንጋለው፣ አራት ሰው ተሸክሟቸው፣ መኪናው በር ላይ ይጠብቃሉ።

«አይ፣ ይተኛ እንጂ!» አሉ ጋሽ ወልዴ ሳንቃው ላይ ሆነው። «ደክሞት ይሆናል። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

የት ልግባ! ይቅርታ እየጠየቅሁ ወርጄ ማስገባት ጀመርን። በእግራቸው በኩል ወደ ፊት ልናስገባቸው ስንል ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሣ።

«በእግሬ በኩል? ሬሳ ነኝ እንዴ?» አሉ። «ጭንቅላቴ ወደ ሾፌሩ ይሁን!»

«እሺ፣ ወደ ሾፌሩ እናዙራቸው» አልኩ።

«ቆይ፣ እንደዚያ ከሆነ አንተ ኋላ ምን እንደምታደርግ አይታየኝም።» ወደ እግራቸው በኩል አዩ። «ይታየኛል፣ ይታየኛል። እግሬ ጋ ትቀመጣለህ። ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም።»

ሰናይት ከአብዲ ጎን ገባች። እኔ ከኋላ፣ እግራቸው ሥር፣ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሄድን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉድጓድ ከጉድጓድ። መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔ ጣራውን በራሴ እመታለሁ። ጋሽ ወልዴ ግን ፍንክች አላሉም። ፊታቸው እየለሰለሰ፣ ቅንድባቸው እየተፈታ መጣ። እኔ ደግሞ ያን ፊት እያየሁ በልቤ የሠርግ ድንኳን እተክላለሁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ቆይተው።

«አቤት፣ ጋሽ ወልዴ።»

«እንዲህ ያለ ፍራሽ ላይ ተኝቼ አላውቅም። ከየት ገዛኸው?»

«የማርፍበት ቤት ነው። እትዬ ዘነቡ ናቸው የሚንከባከቡት።»

በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው በጣታቸው ፈተጉት። «ጥጥ አይደለም። ስፖንጅም አይደለም። እኔ በፍራሽ ነው ያረጀሁት፤ ይኼ ሌላ ነገር ነው። ምኑ ነው?»

«እንክብካቤ ነው፣ ጋሽዬ» አልኩ በኩራት።

ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። በጥርጣሬ ነበር ያዩኝ፤ እኔ ግን ፍቅር መሰለኝ።

ኬላው ደረስን። የራሴ ኬላ ነው። ተረኛው ግርማ ነበር፤ ብዙ ጊዜ «ማን ብዙ ያዘ?» እየተባባልን የምንፎካከር ባልደረባዬ። ጎንበስ ብሎ አየን፣ በሽተኛውን አየ።

«እግዜር ይማርዎት አባቴ። እለፉ፣ እለፉ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ግን ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። «ይኸው፣ ለራሳቸው ሲሆን ሳይፈተሹ ያልፋሉ» የሚሉ መሰለኝ። ይህን ሰው በሐቀኝነቴ ድል የምነሣበት ሰዓት አሁን ነው!

«አይሆንም!» አልኩ ብድግ ብዬ፤ ጣራው ራሴን መትቶ መለሰኝ። «ደንብ ደንብ ነው። እንደማንኛውም ሰው ፈትሽ!»

«ኧረ ተወው፣ በሽተኛ ነው…»

«ውጋ ነው የምልህ! በእሳቸው በኩል ተጠንቀቅና እዚህ፣ ከእግራቸው በኩል ውጋ! ይህ ፍራሽ የእኔ ነው። ዓመት ሙሉ ተኝቼበታለሁ። እንደ መዳፌ ነው የማውቀው!»

ግርማ ትከሻውን ሰበቀና ወጋ። መውጊያው ገባና ቆመ። ግርማ አየኝ። እኔም አየሁት። «ጥጡ ተቋጥሮ ነው» አልኩ። መልሶ ጎተተው። ጫፉ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ክሩን ሳበ፤ ክሩ ጨርቅ ሆነ። ጨርቁን ሳበ፤ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀይ ድሪያ፣ ያ የሶማሌ ሴቶች ስስ ቀሚስ፣ ሆነ። ከቀዩ ኋላ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ኋላ ቢጫ፣ ከነማሸጊያው፣ ከነወረቀቱ!

ሰናይት «አንተ!» አለች። ያቺ አንዲት ቃል ከመውጊያ በላይ ወጋችኝ። ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ሰናይትንም ጨርሻለሁ፤ እስር ቤቱ ራሱ ታየኝ። ቅዳሜዎቹ ሁሉ በዓይኔ ዞሩ። ማናፈሱ፣ ማፍታታቱ፣ «ተከራይ እንዳንተ ነው»፣ ያ ሁሉ እንባ! ዓመት ሙሉ ሳምቡሳ ስከፍት ከርሜ የተኛሁት ኮንትሮባንድ ላይ ነው!

አለቃችን ከድንኳኑ ወጡ። ድሪያዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማን ጠቆመ?» አሉ።

«እሱ ራሱ» አለ ግርማ። «እለፍ ብለው ውጋ ብሎ ጮኸብኝ።»

አለቃችን ረዥም ጊዜ ፊቴን አጠኑት። «በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ኮንትሮባንዲስት አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ውጉልኝ ብሎ የለመነ ግን አይቼ አላውቅም። ይኼ ልጅ አያውቅም። በሽተኛውን አድርስና ተመልሰህ ቃልህን ትሰጣለህ።»

ይኼኔ ከመኪናው ውስጥ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወልዴ ናቸው። አለቀሱ ብለን ተሯሯጥን። እየሳቁ ነው! ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ወይኔ ወገቤ!» እያሉ፣ እንባቸው በጆሯቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«የእኔን ፍራሽ… ወግቶ ወግቶ…» ትንፋሽ አጠራቸው። «እንክብካቤ ነው ይለኛል እኮ!»

ድሪያዎቹ ሲወጡ ታዲያ ፍራሹ እንደ ባዶ ጆንያ ተኛ። አሁን ሽማግሌውን ምን ላይ ላስተኛ? ጭንቅ ያዘኝ። ሰናይት መኪናው ላይ ወጣችና ከጣራው የታሰረውን ሸራ ፈታች። የሱቁ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ያ የወጋሁት፣ እዚያ ኖሯል።

«መቼ ጫንሽው?» አልኳት።

«ተኝተህ ሳለ» አለች። «አንተ ሰው አታምንም። እኔ ደግሞ አንተን አላመንኩም።»

ጅጅጋ ደረስን። ራጁ ላይ የተሰበረ ነገር የለም፤ እረፍት ታዘዘላቸው። እኔም ተመልሼ ቃሌን ሰጠሁ። እትዬ ዘነቡ ግን የሉም፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ድንበር ተሻግረዋል። ጎረቤት እንደነገረኝ ሲሄዱ «ያን ልጅ ብርድ እንዳያገኘው» ብለዋል አሉ። ይህንንም ቢሆን ጠርጥሬዋለሁ።

ጋሽ ወልዴ ወገባቸው ሲሻላቸው ራሳቸው አስጠሩኝ። ለስላሳ ይዤ ሄድኩ። ሰናይት በጓዳው በር ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ልጄን የከለከልኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉ።

«ፈታሽ ስለሆንኩ ነው።»

«ተንኮለኛ መስለኸኝ ነበር!» አሉ፣ ሳቃቸውን እየታገሉ። «ልጄን የሚያታልልብኝ ብልጥ መስለኸኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ድሪያ ላይ ተኝቶ ያላወቀ ሰው ማንን ያታልላል? ይልቅ እንዳያታልሉህ የሚጠብቅህ ሰው ያስፈልግሃል። ውሰዳት።» ወደ ጓዳው ዞረው ደግሞ «ሰናይት! ውሰጂው!» አሉ።

ተጋባን። በሠርጋችን ዕለት ጋሽ ወልዴ ከሱቃቸው ምርጥ የተባለውን ፍራሽ ሰጡን። በሕዝብ ፊት «ይኼን እንዳትወጋብኝ!» አሉና ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። መውጊያዬንም ሰናይት ተቀብላ የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ትዳሬ ደህና ነው፣ ሚስቴን እወዳታለሁ፣ አምናታለሁም። ብቻ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ፈገግ ብላ «ፍራሹን ፀሐይ ላይ ላናፍስልህ» አለችኝ።

የዚያን ቀን ሥራ አልገባሁም። አብሬው ወጥቼ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አብሬው ተናፍሼ ገባሁ።